ፖዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ኑዛዜውን አንብቡ

ጎንደር ውስጥ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች አንድ መጥፎ ልማድ አለን። ሲስተም ሲያስቸግር «ፖዱን (ፕሮግራሙ የሚሠራበትን እሽግ) አጥፋው፣ ይነሳል» እንላለን። እውነትም ይነሳል። ችግሩ ግን እዚያው ነው።

ባለፈው ጥር፣ የጥምቀት እንግዳ ከተማዋን ሲሞላ፣ ኩበርኔቲስ ላይ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በየፖዱ በሚያስነሳና በሚያቆም ሶፍትዌር ላይ፣ የሚሠራ የአንድ ሆቴል ክፍል ማስያዣ ሲስተም ነበረን። አዲስ ቨርዥን በጫንን ቁጥር ሁለት ሦስት ሰው ያስያዘው ይጠፋል። ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ስናይ የመጨረሻዎቹ መስመሮች የሉም። ሦስት ቀን ሙሉ ሪስታርት አደረግን። አንዲት እናት ሻንጣቸውን ይዘው ሪሴፕሽን ላይ «ልጄ፣ ከፍያለሁ እኮ» ሲሉ ሰማሁ። አንጀቴ ተላወሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩበርኔቲስ ኮንቴይነር (ፖዱ ውስጥ ፕሮግራሙን የያዘውን ሣጥን) ሲያቆም በቅድሚያ ሲግተርም የሚባል ምልክት ይልካል። «ሥራህን ጨርስና ውጣ» ማለት ነው። ካልቀየራችሁት 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ በሲግኪል ይገድለዋል። ምልክቱ የሚደርሰው ለፕሮሰስ ቁጥር 1፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ውስጥ መጀመሪያ ለተነሳው ፕሮግራም ነው። የእኛ ቁጥር 1 ግን በፓይተን የተጻፈውን ሲስተም የሚያስነሳው የሼል ስክሪፕት (አጭር የትእዛዝ ፋይል) ነበር። ሼሉ ምልክቱን ለልጁ፣ ላስነሳው ፓይተን፣ አላስተላለፈም። ፓይተን ምንም ሳይሰማ ሲሠራ ይቆይና ሳይናዘዝ ይሞታል። ዳታቤዝ ያልገባው ማስያዣ አብሮት ይሄዳል። ፓይተን የሚጽፈውን ቋት ውስጥ ስለሚያጠራቅም የመጨረሻው ሎግም እንደዚያው። የመውጫ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲቆም የሚተወው ቁጥር፣ 137 ይል ነበር፤ 128 ሲደመር 9፣ 9 ደግሞ የሲግኪል ቁጥር ነው። መልሱ ሦስቱንም ቀን ፊታችን ነበር።

የስክሪፕቱ መጨረሻ መስመር ላይ «ኤግዜክ» የምትል ቃል ጨመርን። ፓይተን የሼሉን ቦታ ወስዶ ቁጥር 1 ሆነ። ሲግተርምን የሚቀበል ኮድ ጻፍን፣ ቋቱንም አጠፋን። ከዚያ ወዲህ የጠፋ የለም።

ቁጥር 1 የመቅበር ግዴታም አለበት። ወላጅ የሌላቸው ፕሮሰሶች ሲሞቱ ካላነሳቸው ዞምቢ ሆነው ይከማቻሉ፤ እድር እንደሌለው ሰፈር። ቲኒ የምትባለው ትንሽ ፕሮግራም የተሠራችው ለዚህ ነው።

ሎጉም ቢሆን ዘላለም አይቆይም። ኩበርኔቲስ እንደነበረ ከተተወ ለአንድ ኮንቴይነር 10 ሜጋባይት ገደማ የሆኑ 5 ፋይሎች ብቻ ያስቀራል። ፖዱን ስትሰርዙት እነሱም ይሄዳሉ። ማጥፋት የምንለው እኮ ኑዛዜውን ማቃጠል ነው።

ስለዚህ አለቆች «ተነሳ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ለምን ሞተ?» በሉ። በ1954 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ባለሙያ ያሠለጥን የነበረው በሽታን ከምንጩ እንዲከላከል ነው። ለእኛም ሥራ ያው ነው የሚያስፈልገው።

ባለፈው ሳምንት ለልምምድ የመጣች ተማሪ እጄ ወደ ኪቦርዱ ሲሄድ አስቆመችኝ። «ቆይ፣ የቀድሞውን ሎግ ልየው» አለች። ኮዱ አሁንም 137 ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር፤ ሜሞሪ አልቆበት ነው የተገደለው።