ለ50 የን ጭማሪ ይቅርታ አትጠይቁን

ኦሳካ ውስጥ ቴንጂንባሺሱጂ ከሚባለው ረጅም የገበያ ጎዳና ገባ ብሎ አንዲት ትንሽ የኡዶን ቤት አለች፤ ኡዶን በመረቅ የሚቀርብ ወፍራም የስንዴ ኑድል ነው። ባንኮኒው ላይ ስምንት ወንበር፣ ሌላ ምንም የለም። የሚሠሩት ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም ሰባን ያለፉ ይመስለኛል። ባለፈው ስሄድ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የዱቄትና የዘይት ዋጋ ስለናረ ከመጪው ወር ጀምሮ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ 50 የን ልንጨምር ነው፣ ስለምናስቸግራችሁ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል። 600 የነበረው 650 ሊሆን ነው። አንብቤ ሆዴ ባባ። ጭማሪው ምንም አልመሰለኝም፤ ያሳዘነኝ ይቅርታው ነው።

ኦሳካ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፦ ርካሽ ነው፣ ደግሞም ይጣፍጣል። እውነት ነው። እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። አሁን ግን ርካሽ የሚለው ቃል ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም ልዩነቱን የሚከፍለው ሰው አለ፣ እሱም ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ነው።

የዚያች ሳህን መረቅ ብቻውን ታሪክ ነው። መረቁ የሚወጣበት፣ ኮምቡ የሚባለው የደረቀ የባሕር ቅጠል ከሰሜን፣ ከሆካይዶ፣ በመርከብ ወደ ኦሳካ መምጣት የጀመረው ከመቶዎች ዓመታት በፊት ነው። የየግዛቱ መሳፍንትም በግብር የሰበሰቡትን ሩዝ እዚሁ አምጥተው ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1730 መንግሥት ዕውቅና የሰጠው የዶጂማ የሩዝ ገበያ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የወደፊት ግብይት ገበያዎች (ዛሬ በተስማሙበት ዋጋ በኋላ የሚረካከቡባቸው) አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ከተማዋን የአገር ማድቤት ያሰኛትም ይሄው ነው። ጃፓኖች ሲናገሩ የኪዮቶ ሰው በልብስ ይከስራል፣ የኦሳካ ሰው በምግብ ይከስራል ይላሉ።

እኔን የሚማርከኝ ግን ያ ሁሉ የምግብ ፍቅር በሀብታም ገበታ ላይ አለመቅረቱ ነው። ሺንሴካይ የሚባለው ሰፈር ዝነኛ የሆነበት ኩሺካትሱ፣ ማለትም በቀጭን እንጨት ተሰክቶ በዘይት የሚጠበሰው ሥጋና አትክልት፣ የቀን ሠራተኛ ቶሎ በልቶ እንዲሄድ ተብሎ የመጣ ነው። ኦክቶፐስ የሚገባበት ክብ የተጋገረ ሊጥ፣ ታኮያኪ፣ በ1930ዎቹ እዚሁ ተጀመረ። በ1958 ደግሞ ዮሺያኪ ሺራይሺ የሚባል ባለምግብ ቤት ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ የሚያመላልሰውን ቀበቶ አይቶ፣ ሱሺ በሳህን እየዞረ ደንበኛው ፊት የሚደርስበትን ቤት ሂጋሺ ኦሳካ ላይ ከፈተ። በዚያው ዓመት ሞሞፉኩ አንዶ ኢኬዳ ከተማ ውስጥ፣ ከቤቱ ጓሮ ባለች ትንሽ ክፍል፣ ፈጣን ኑድልን ሠራ። ኪሱ ያልሞላ ሰውም በወጉ እንዲበላ የታሰበባቸው ነገሮች ናቸው።

እንዲህ ያለው ምግብ ቤት የሚቆመው በላተኛውም ድርሻውን ስለሚያውቅ ነው። ይመጣል፣ ያዛል፣ በትኩሱ ይበላል፣ ወንበሩን ይለቃል። ኩሺካትሱ ቤት ሶሱ የጋራ ስለነበረ የተነከሰውን መልሶ መንከር ነውር ነበር (ከኮሮና ወዲህ ብዙዎቹ ሶሱን በጠርሙስ አድርገውታል)። መጠጥ ቤት ስትገቡ ሳታዙ የምትቀርብ ትንሽ ሳህን አለች፣ በኦሳካ አካባቢ ትሱኪዳሺ ይሏታል፣ ጥቂት መቶ የን ታስከፍላለች። ብዙ እንግዳ "ያላዘዝኩትን!" ብሎ ይቆጣል። ግን ጃፓን ውስጥ ለአስተናጋጅ ጉርሻ አይሰጥም። ያቺ ሳህን የመቀመጫ ሒሳብ ናት፣ ብትከፍሏት ምንም አትጎዱም።

አሁን ይሄ ስምምነት እየላላ ነው። በ2024 የን ተዳክሞ አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ የተመነዘረበት ጊዜ ነበር። ስንዴውም ዘይቱም በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ ወጪው ሰማይ ነካ። በ2025 የሩዝ ዋጋ ከቀደመው ዓመት እጥፍ ገደማ ደርሶ መንግሥት የመጠባበቂያ ክምችቱን እስከመክፈት ሄደ። በተቃራኒው እንግዳው ጎርፏል፤ በ2024 ብቻ ከ36 ሚሊዮን በላይ ሰው ጃፓን ገብቷል። ኩሮሞን ገበያ ብትሄዱ የአካባቢው ሰው ዓሣ ይገዛበት የነበረው ቦታ ላይ ለቱሪስት የሚጠበስ የሸርጣን እግር ነው የምታዩት።

ራመን፣ ማለትም በመረቅ የሚቀርብ ቀጭን ኑድል፣ የሚሸጡ ቤቶች ደግሞ የ1000 የን ግድግዳ የሚሉት ነገር አለ። ደንበኛው ለአንድ ሳህን ከዚያ በላይ አይከፍልም የሚል ፍርሃት ነው። ቴይኮኩ ዳታባንክ የተባለው የጥናት ድርጅት በ2024 የከሰሩትን ራመን ቤቶች 72 ብሎ ቆጥሯቸዋል፣ እስከዚያ ድረስ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ያለ ተተኪ በዝምታ የሚዘጉት እዚህ ውስጥ የሉም።

መፍትሔው ለውጭ ሰው ሌላ ዋጋ ማውጣት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የዚያ ባንኮኒ ውበቱ የባንክ ሠራተኛውና ጡረተኛው ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዋጋ መክፈላቸው ነው። ዋጋው ለሁሉም ይጨምር። ደመወዝ ለረጅም ዓመታት ባልጨመረበት አገር ይሄ ለጡረተኛው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቀላል አድርጌ አላየውም። ግን ቤቷ ከተዘጋች እሳቸውም የሚበሉበት ያጣሉ።

እኛ እንግዶቹም የምናስተካክለው አለ። ይሄን በተለይ ለሐበሻ ወንድም እህቶቼ ነው የምለው። ከአንድ ማዕድ መብላት እንወዳለን፣ እኔም እወዳለሁ። ኢዛካያ (መጠጥና ምግብ ቤት) ወይም ኦኮኖሚያኪ (በጥቅል ጎመን የሚጋገር ወፍራም ቂጣ) ቤት ከሆነ ደግ ነው፣ ሳህኑን መሃል አድርጋችሁ ተካፈሉ። ስምንት ወንበር ያላት ኡዶን ቤት ውስጥ ግን ለሦስት ሰው አንድ ሳህን ማዘዝ ሦስት ወንበር በ600 የን መያዝ ነው። ሰዎቹ አፍ አውጥተው አይናገሯችሁም። ለየራሳችሁ እዘዙ፤ ካልራባችሁ ውጭ ቆዩ።

እኔ ያን ቀን ከኡዶኑ ጋር ሁለት ኢናሪ ጨመርኩ፣ በጣፋጭ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) የተሸፈነ ሩዝ ነው። ሴትየዋ ሌላ ሰው ይመጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ ሁለቱም የኔ ናቸው አልኳቸው። በልቼ እንደጨረስኩ ተነሣሁ። ውጭ አራት ሰው ቆሞ ወረቀቱን ያነብ ነበር።