ውሃው ለእንግዳ፣ ምርቃቱ ለልጅ

ልጅን ንጽሕና ማስተማር የቸገረው ሰው ካለ ወሎ ይምጣ። እኛ ዘንድ መጽሐፍ አያስፈልግም፣ ሥልጠናም አያስፈልግም። አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ሳፋ፣ ትከሻ ላይ ጣል የምትደረግ ፎጣና ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ከተገኙ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። ከወልድያ እስከ ከሚሴ፣ እንግዳ በገባበት ቤት ሁሉ በነጻ ይሰጣል።

አሰጣጡን ላላየ ልንገር። ልጁ ብይ ሲጫወት ከዋለበት አቧራ "ና እጅ አስታጥብ!" ተብሎ ይነሳል። ማንቆርቆሪያው በቀኝ፣ ሳፋው በግራ፣ ወገቡ ጎንበስ። የሚጀምረው ከትልቅ ሰው ነው፤ ተሳስቶ ከታናሽ ከጀመረ እናቱ ከጓዳ በር ሆና ታፈጥበታለች። ውሃው መብዛት የለበትም፣ መረጨት የለበትም፣ የጋሼን የሸሚዝ እጅጌ መንካትማ ጨርሶ አይታሰብም። ጋሼ የቀኝ እጃቸውን የጣቶች ጫፍ ራስ ራስ አድርገው "ይበቃል የኔ ጌታ" ይሉና ምርቃቱን ያወርዱታል፦ "እደግ፣ ተመንደግ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ! ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ!" ቤቱ በሙሉ "አሚን" ይላል። ክርስቲያን ቤት ከሆነ "አሜን" ነው፤ ወሎ ውስጥ ሁለቱም በአንድ ቡና ዙሪያ ስለሚቀመጡ ብዙ ጊዜ እኩል ይሰማሉ።

ከዚያ ሳፋው ይወጣል፣ እጣቢው ደጅ ይደፋል። አስታጣቢው ትሪው ጥግ ላይ ሸጎጥ ብሎ፣ ብይ ሲያንከባልል በዋለበት እጁ እንጀራውን ይቆርሳል። ማን ያስታጥበው? አስታጣቢው እሱ ነው። ደግሞስ ያን ሁሉ ምርቃት የተሸከመን ልጅ ጀርም ምን ሊያደርገው!

እዚህ ላይ አስተዋይነታችንን ማድነቅ ይገባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በርሜሉ ሥር የቀረችውን ውሃ ለልጅ እጅ ማፍሰስ ብክነት ነው። የልጅ እጅ ዛሬ ቢታጠብ ነገ ይቆሽሻል። የእንግዳ እጅ ግን ወሬ ይዞ ይሄዳል።

ሳሙናም አለን፤ የላቸውም የሚል አሉባልተኛ ነው። የሚወጣው ግን ከምግብ በኋላ ነው። ከምግብ በፊት እጅ ላይ ያለው ነገር አይታይም፤ ከምግብ በኋላ ያለው የወጥ ቅባት ግን ይታያል፣ ይሸታል፣ ልብስም ያበላሻል። ስለዚህ በፊት ለወጉ ያህል ጠብ ይደረጋል፣ በኋላ በሳሙና እስከ ክንድ ይታሻል። የጤና ሰዎች ከምግብ በፊትና ከሽንት ቤት መልስ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ እሹ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ከቤተሰብ ጋር በልተው የሚያውቁ አይመስሉም። በ20 ሰከንድ ውስጥ እኮ የሥጋው ጉዳይ አልቋል! ልጆቻችን ከዚህ ሁሉ የቀሰሙት ዕውቀት ጥርት ያለ ነው፦ ቆሻሻ ማለት ወጥ ነው፣ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው።

አባት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ሲያደርግ፣ እጁን እስከ ክርን፣ አፉን፣ አፍንጫውን፣ ፊቱን፣ እግሩን ተራ በተራ ሲያጥብ ውሃውን የሚያቀርበው ይኸው ልጅ ነው። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የት ይገኛል? ልጁ አጠገቡ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ግን "አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ሲደርስብህ ትታጠባለህ" ይባላል። ተሐዋስያኑም እስኪደርስበት ይጠብቁታል መሰለኝ።

የጥበባችን ጫፍ የሚታየው ግን ፊት ላይ ነው። ወሎ በቁንጅና ስሙ የተጠራ አገር ነው፤ ዘፈኑም ሰዉም ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ሀብት ደግሞ ጥበቃ ይፈልጋል። ጥበቃው ምንድን ነው? ንፍጥ። ታጥቦ፣ ተቀብቶ የወጣ ልጅ ዓይን ይበላዋል፤ አፍንጫው ሁለት መስመር ያወጣ፣ የዓይኑ አር የደረቀ ልጅ ግን ማንም አይመኘውም። ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች ሲገናኙ አዳምጡ።

"እታለም፣ ይሄ ልጅሽ እንዴት ያምራል!"

"ኧረ ዝም በይ እቴ! ንፍጡን አታይውም?"

ምስጋናው ተመለሰ፣ ልጁ ተረፈ። ከቡዳ ማለቴ ነው። ዝንቦች ግን ቡዳም አይፈሩ፣ ይሉኝታም አያውቁ። ዓይኑ ጥግ ላይ አርፈው፣ እግራቸውን አሻሽተው፣ ጠግበው ሲነሱ ከጎኑ ወደ ታዘለችው እህቱ ይሻገራሉ። ዝንብ ያልደረሰበትን የእናት ነጠላ ጫፍ ይደርስበታል። ያቺ ጫፍ የትልቁን ልጅ አፍንጫ ትጠርጋለች፣ የመካከለኛውን ዓይን ትጠርጋለች፣ መለስ ብላ የትንሿን አፍ ትጠርጋለች። ከአድልዎ የጸዳች ነች። ጎረቤት የመጣች እንደሆነ ደግሞ የዳቦውን ትሪ ትሸፍናለች።

ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ በዝንብ፣ በጣት፣ በጋራ ፎጣና ነጠላ። ልጅነት ላይ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ በኩል ይጠባሰሳል፤ ዓመታት ቆይቶ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞርና ዓይኑን ይቧጥጠዋል። ሴቶች ይብስባቸዋል፤ ከልጅ ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸውና። በየመንደሩ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉ እማማዎች ያኔ ከቡዳ በደንብ የተጠበቁ ልጆች ነበሩ። ዕድለኛዋን ልጆቿ ለቀዶ ሕክምና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይወስዷታል። በዓለም ላይ ይህ በሽታ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች ኢትዮጵያ ከፊት ናት፤ ከኢትዮጵያም የአማራ ክልል። አንደኛ መውጣት እንዲህ ነው! መከላከያው ደግሞ አሳፋሪ በሆነ መጠን ቀላል ነው። የልጅን ፊት በየቀኑ ማጠብና ሽንት ቤት መጠቀም በሽታውን ለማጥፋት ከሚሠራባቸው መንገዶች ውስጥ ተቆጥረዋል። ፊት ለማጠብ ደግሞ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል። በአንድ ጣሳ ውሃ የሚባረር በሽታ ምን ክብር አለው?

ለፍትሕ ያህል፣ አንድ ጊዜ ታጥበን እናውቃለን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ሲነገር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ባንኩም ሆቴሉም ቀበሌውም በር ላይ ባለ ቧንቧ በርሜል ተከለ። ያኔ የተደሰቱት ልጆች ነበሩ፤ ሰልፍ ይዘው፣ ታጥበው፣ ዞረው መጥተው ደግመው ይታጠቡ ነበር። ዘበኛው "ሂዱ እናንተ! ይሄ ለደንበኛ ነው" እያለ ያባርራቸዋል። ወረርሽኙ ሲረሳ ውሃው ቀረ፣ ቀጥሎ ሳሙናው፣ ቀጥሎ ቧንቧው። በርሜሉ ራሱ ጠንካራ ነው፤ አንዳንዱ ዛሬ አበባ ይዟል።

አሁን የቀረን ጥቅምት 5 ነው፤ የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚከበረው። በዚያ ቀን ትምህርት ቤቶቻችን ዘንድ ብትገኙ እንባችሁ ይመጣል። ባነር ተሰቅሏል፣ ድንኳን ተጥሏል፣ አንዲት ተማሪ ስለ ሳሙና ግጥም ታነባለች። ግቢው መሐል አዲስ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል፣ ቧንቧ ተገጥሞለት፣ ሪባን ታስሮለት። የክብር እንግዳው ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ፎቶ አንሺው "አንዴ ይድገሙልኝ" እስኪል ይታጠባሉ። በአንድ በኩል ሳሙና፣ በሌላ በኩል ፎጣ ይዘው የቆሙት የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ጭብጨባው ያስተጋባል። የምሳው ሰዓት ሲደርስ እንግዶቹ ወደ አዳራሽ፣ ልጆቹ ወደ ምሳ ዕቃቸው ይሄዳሉ።

ጀሪካኑ በዚያው ከሰዓት ሪባኑ ሳይፈታ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ይቆለፍበታል። ውጭ ከተቀመጠማ ልጆች ውሃ ይጨርሱበታል።