ማስተካከያ፦ ፈጣኑ የኮቪድ ምርመራ «ኔጌቲቭ» ሲል

በዚህ ዓምድ ስለ ኮቪድ-19 ምርመራ በወጣው ጽሑፍ «ፈጣኑ ምርመራ ኔጌቲቭ ካለ ቫይረሱ የለም ማለት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህ መስተካከል አለበት።

ፈጣኑ የአንቲጂን ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው። ውጤቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይታወቃል። ነገር ግን ቫይረሱ አፍንጫ ውስጥ በደንብ ካልበዛ ሊያመልጠው ይችላል። በተለይ ሕመሙ ገና ሲጀምር እንዲህ ያጋጥማል። ስለዚህ ምልክት ያለበት ሰው ኔጌቲቭ ቢባልም ከ48 ሰዓት በኋላ ይድገመው፤ ወይም ፒሲአር በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ይመርመር። እስከዚያው ማስክ ያድርግ። ቤት ውስጥ አረጋውያን ካሉ እባካችሁ አትዘናጉ።

ፒሲአር የቫይረሱን ዘረመል ደጋግሞ ስለሚያባዛ ጥቂት ቢሆንም ያገኘዋል። ሰው ካገገመ ከሳምንታት በኋላም ፖዘቲቭ ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። ይህ ግን የግድ አሁንም ያስተላልፋል ማለት አይደለም።

በዚያ ጽሑፍ የደም ምርመራውም ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ ቀርቦ ነበር። እሱ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ሰውነት እነሱን እስኪሠራ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። «አሁን ቫይረሱ አለብኝ ወይ?» ለሚል ሰው መልስ አይሰጥም።