የኩበት ለቀማው ክርክር

ክርክሩን ያስነሣው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ጀበና ቡና ከሚጠጡት አንዱ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው፣ ስልካቸው ላይ ያለ ፎቶ እያዞሩ አሳዩ። ልጃገረዶች ብቻ የሚማሩበት አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ የተሰቀለ ባነር ነው። «ይኸው! ወንዱን ከሴቷ ለዩ፣ ሁሉም ያልፋል» አሉ። ቀጠሉና የሰፈሩን ሁለተኛ ደረጃ አነሡ፤ እዚያ ያሉት ሴቶች ሰነፎች ናቸው፣ ቲክቶክ በልቷቸዋል፣ ወላጁም ላልቷል። ማስረጃቸው ያው ፎቶው ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት በትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል የኖረች ናት። ሲኒዋን አስቀምጣ «ጋሼ፣ ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» አለቻቸው።

«እንዴት?»

«ላሟ የዋለችው 8ኛ ክፍል ላይ ነዋ! ልጆቹ ሲገቡ ስንት ይዘው ገቡ?»

ጋሼ ይሄን አልጠየቁም፤ ፎቶው ላይ አልተጻፈማ። እቴጌ መነንን እንደ ምሳሌ ወረወሩ። እሷም ተቀበለቻቸው። በ1923 ዓ.ም በእቴጌይቱ የተመሠረተው ያ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ላይ በብዛት የመኳንንትና የሹማምንት ሴት ልጆችን ነበር የሚያስተምረው። በደርግ ዘመን ወንድም ሴትም የሚማርበት የካቲት 12 ሆነ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተመልሶ የልጃገረዶች አዳሪ ሲሆን፣ የሚገቡት ከአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በውጤት የተመረጡ ልጆች ናቸው። አልጋ አላቸው፣ ቁርስ ምሳ እራት አላቸው፣ ማታ ማጥኛ ክፍል አላቸው። «ታዲያ ያሳለፋቸው የወንዶች አለመኖር ነው ወይስ ይሄ ሁሉ?» ስትላቸው ጋሼ ስኳር ማማሰል ጀመሩ።

እዚህ ላይ ሐቁ የማን እንደሆነ ለመደበቅ አልሞክርም። የሴትዮዋ ነው።

እሷ እንዳለችው የአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ውጤት የሚመረመረው ከሮስተር፣ ማለትም ከተማሪዎች ስምና ውጤት መዝገብ፣ ተነሥቶ ነው። መጀመሪያ 12ኛ ክፍል የተፈተኑትን ሳይሆን ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ የተመዘገቡትን ስም ዝርዝር ታወጣለህ። መሸኛ ወስደው ሌላ ትምህርት ቤት የገቡትን ለብቻ ትይዛለህ፤ እነሱ አላቋረጡም። መሸኛ ሳይወስዱ የጠፉትን ግን ሒሳቡ ውስጥ ትተዋቸዋለህ። ለምሳሌ 200 ገብተው 120 ተፈትነው 30 ቢያልፉ፣ ባነሩ 25 በመቶ ይላል። ከገቡት ሲሰላ 15 ነው። ደካማ ተማሪዎችን 11ኛ ክፍል ላይ እያስደገመ ወይም «ሌላ ቦታ ብትሞክሪ ይሻልሻል» እያለ የሚሸኝ ትምህርት ቤት ባነሩ ሁልጊዜ ያማረ ነው።

ቀጥሎ ልጆቹን በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤታቸው ትከፍላለህ፤ ከ50 እስከ 59፣ ከ60 እስከ 69፣ እያልክ። ከ60 እስከ 69 ያመጣችዋን የዚህን ትምህርት ቤት ልጅ ከጎረቤት ትምህርት ቤት አቻዋ ጋር ታስተያያለህ። ሁለቱም በአንድ ዓመት የተፈተኑ መሆን አለባቸው፤ የፈተናው ክብደት በየዓመቱ አንድ አይደለም። ዓመትና ዓመት ማስተያየት ከተፈለገ ከነጥቡ ይልቅ በከተማው ውስጥ የነበራቸውን ደረጃ መያዝ ይሻላል። አንዱ ምድብ ውስጥ ከአሥር ያነሱ ልጆች ካሉ ደግሞ በመቶኛ ማውራት ቀልድ ነው፤ አንዲት ልጅ ስትታመም ውጤቱ ይገለባበጣል።

«እሺ፣ ግን አንድ ትምህርት ቤት 6 በመቶ ብቻ ቢያሳልፍ ውድቀት አይደለም?» አሉ ጋሼ። ይቺ ትንሽ የተሻለች ጥያቄ ነበረች።

መልሱ ሀገሩን ማየት ነው። በ2015 ዓ.ም ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ሰው አላሳለፉም። በ2017 ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደረሰ። እዚህ ውስጥ ልጁን ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያሳደገው የግል ትምህርት ቤትም፣ መርጦ የሚያስገባው አዳሪም አሉ። በአማርኛ ተምራ መጥታ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ የምትጋፈጥ ልጅ የጥያቄውን ቋንቋ ስትፈታ ሰዓቱ ያልቅባታል። ደግሞ ፈተናው ባለ አራት ምርጫ ነው፤ በግምት ብቻ ያጠቆረች በአማካይ 25 ከመቶ ታገኛለች። እንዲህ ካለ ደረጃ ተነሥታ 48 የደረሰች ልጅ ባነሩ ላይ ወዳቂ ናት። ከ600 298 ያመጣችዋና 130 ያመጣችዋ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ከማለፊያው መቶኛ ጎን አማካዩን፣ በተለይም የእንግሊዝኛና የሒሳብን አማካይ ካላየህ፣ ያው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ከዚያ ወደ ልጆቹ ኑሮ ገባች። መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ወላጅ/አሳዳጊ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ብዙ ነገር የሚደበቀው እዚያ ነው። «አክስት» ተብላ የፈረመችው አንዳንዴ አሠሪ ናት። ልጅቷ ከገጠር «ዘመድ ቤት» ተብላ መጥታ ቤት እየጠረገች፣ ሕፃን እየያዘች የምትማር ናት። ከእነዚህ ብዙዎቹ የማታ ክፍል ስለሚገቡ የቀኑ ውጤት ላይ ጭራሽ አይታዩም። የከተማው ምገባም የአንደኛ ደረጃ ነው፤ 9ኛ ስትገባ ምሳዋ ይቀራል፣ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ሲሰጥ በባዶ ሆድ ትቀመጣለች። አቴንዳንሱንም አየት ማድረግ ነው። አንዲት ልጅ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ተከታትላ የምትቀር ከሆነ ስንፍና አይባልም፤ ብዙ ጊዜ የሞዴስ መግዣ የላትም ወይም መጸዳጃ ቤቱ ውኃና መዝጊያ የለውም። በአንድ ዓመት ሲደመር ወደ ሠላሳ የትምህርት ቀን ይጠጋል። ሰኞ ሰኞ ብቻ የምትቀረዋ ግን ሌላ ጉዳይ አላት፣ የቤት ልብስ አጠባ ወይም የእናት ጉሊት ሊሆን ይችላል፤ መጠየቅ ነው።

ጋሼ «ሰበብ አታብዢ፣ እኛ በኩራዝ ነው የተማርነው» አሉ። ይቺ የማትቀር ናት። በኩራዝ የተማረው ተቀምጦ ይናገራል፤ በኩራዝ ተምሮ 4ኛ ክፍል ላይ የቀረውን ማን ቡና ጠጣ ብሎ ጠራው? የሚቆጠረው ሁልጊዜ የቀረው ሳይሆን የደረሰው ነው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እኮ ይሄ ነው።

ልጃገረዶችን ለብቻ ማስተማር ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ እኔ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ግን መርጠህ ያስገባኸውን፣ ያበላኸውንና ያስተኛኸውን ልጅ ውጤት ይዘህ ጥቅሙ የአጥር ነው ማለት አይቻልም። ልጅቷን ከወንድ የሚለየው አጥር ምሳዋን አያበላትም፣ የጎደላትንም እንግሊዝኛ አይሞላላትም።

የሚያናድደኝ የጋሼ ክርክር ብቻ አይደለም። ዘመኑ ራሱ የባነር ዘመን ሆኗል። ክሊኒኩ ባነር፣ ባንኩ ባነር፣ ማጠናከሪያ የሚያስተምረው ሁሉ የአምና ጎበዞችን ፎቶ ለጥፎ ወላጅ ያስከፍላል። ማርች 8 ሲደርስ ለሴት መምህራን አበባ ይታደላል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ንግግር ይደረጋል። በማግስቱ መጸዳጃ ቤቱ ያው ደረቅ ነው፤ ማንም ፎቶ አያነሣውም። ዳይሬክተሩም ቢሆን ከላይ የሚጠየቀው «ስንት አሳለፍክ» ተብሎ እንጂ «ከ9ኛ የገቡት የት ደረሱ» ተብሎ አይደለም፤ ታዲያ የጠፉትን ለምን ይፈልግ? ሪከርድ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሮስተር አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ጋሼም የነገውን ፎቶ ይጠብቃሉ።