ይድረስ ከወለል በታች ለሚያጓሩት ክቡር ጄኔሬተር

ለ፦ ክቡር ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ጄኔሬተር
አድራሻ፦ ሐዋሳ ሐይቅ፣ ከሽርሽር ጀልባው ወለል በታች
ጉዳዩ፦ ድምፅዎ ከፍ ዝቅ ማለቱንና መንዘፍዘፍዎን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ከፍቅር ሐይቅ ተነስተን ገና ወደ አሞራ ገደል ስንዞር ጎርነን፣ ሰለል፣ ደግሞ ጎርነን ማለትዎን ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ ነው። አምፖሉ በእርስዎ ምት ይጠቃቀሳል፣ ፍሪጁ ያቃስታል፣ ስፒከሩም ዘፋኙን ያስነጥሰዋል። የተቀጠሩት 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰኮንድ 50 ምት ያለው መብራት ሊሰጡን ነበር። ለዚህ የሚጠበቅብዎ በደቂቃ 1,500 ዙር ብቻ ነው፤ 30 ዙር በጎደለ ቁጥር አንድ ኸርዝ ይጎድላል። በ1,440 እና በ1,560 መካከል ሲመላለሱ እኛ ደግሞ ከ48 እስከ 52 ኸርዝ አብረንዎ እንዋዥቃለን። ምክንያትዎ የሥራ ጫና እንዳይሆን፤ ጫናው ፍሪጅና ጥቂት አምፖል ነው።

የምናደንቅልዎ ግን ጥፋትዎን በሌላ ማላከክ መቻልዎን ነው። ትንሽ ሲንዘፈዘፉ አንዱ ካቻቢቴ ይዞ ወደ ገቨርነሩ (የዙር መቆጣጠሪያው) ብሎን ይሮጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄ ነው። ምስኪኑ ገቨርነር ዙሩ ሲያንስ ናፍጣ ይከፍታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል፤ ሥራው ነው። ብሎኑ የተዞረ ዕለት በአንድ ብልሽት ፋንታ ሁለት ይኖረናል። ሌላው ደግሞ ገና ምንም ሳይፈተሽ «ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ይቀየር» ይላል፣ በሰው ገንዘብ።

ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ናፍጣን ከጥሩ ብለን ምርመራ ጀምረንብዎታል። ከታንከሩ ግርጌ ግማሽ ሊትር ናፍጣ በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድተን ግማሽ ሰዓት እናስቀምጠዋለን። ውሃ ካለበት ከታች ይለያል፤ በሁለቱ መሃል ጥቁር ልጋግ ከታየ ታንከሩ መታጠብ አለበት፣ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አይበቃም። በየጀሪካኑ ሲገላበጥ የመጣ ናፍጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ግማሹ ባዶ ሆኖ የሚያድር ታንከርም በሌሊቱ ቅዝቃዜ ከውስጥ ያልበዋል።

ቀጥሎ ዋናው ፈተና። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከናፍጣ መሳቢያው ፓምፕ ከፍ አድርገን እናስቀምጥና ቱቦውን ከእሱ በቀጥታ እንቀጥላለን። የተራፊውን ናፍጣ መመለሻ ቱቦም እዚያው ጀሪካን ውስጥ እናስገባለን፤ ይህን የረሳ የጀሪካኑን ናፍጣ ምን በላው እያለ ይገረማል። አሮጌው ናፍጣ ከፊልትሮው እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥዎታል። ከዚያ ድምፅዎ ከተስተካከለ ንጹሕ ነዎት፤ ጥፋቱ ወደ ታንከሩ በኩል ነው። ቱቦው ወደ ታንከሩ ይመለስና መጀመሪያ የታንከሩ ክዳን ይከፈታል፦ «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና እርስዎም ከተረጋጉ መተንፈሻው ተደፍኗል። ተርብ ጭቃ ጠቅጥቃበት ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳ ትወዳለች።

መተንፈሻው ደህና ከሆነ አየር ነው የሚሰርቁት። ከታንከሩ እስከ መሳቢያው ፓምፕ ያለው መስመር በመምጠጥ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል። ደረቅ መስሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም። ከፓምፑ በፊት አንድ ስንዝር የሚያሳይ ቱቦ ከተገባበት አረፋው ሲሄድ በዓይን ይታያል። በመገጣጠሚያው ያለው የመዳብ ሮንዴላም አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ ተመልሶ አይገጥም። አዲስ ይገባል፤ ካልተገኘ ቀልቶ እስኪግል ተሞቆ ይቀዘቅዝና ይለሰልሳል።

አየሩን የምናስወጣው በተራ ነው። በፊልትሮው አናት ያለውን ብሎን አላልተን የእጅ ፓምፑን አረፋው እስኪጠፋ እንመታለን፤ ከዚያ እናጠብቃለን። የኖዝል ፓምፑን ብሎን እንደዚሁ። በመጨረሻ የኖዝል ቱቦዎቹን ዳዶ ግማሽ ዙር ፈታ አድርገን በሞተሪኖ (በማስነሻው) እናዞራለን፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰኮንድ ሳይበልጥ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሐይቁ ውሃ መግቢያ ይዘጋል! የእርስዎ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። ሳይነሱ ደጋግመው ሲዞሩ የውሃ ፓምፑ ማርሚታውን ውሃ ይሞላዋል፣ ጭስ ስለሌለ የሚገፋው የለም፣ ዞሮ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ያኔ ቴስታ (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ማስከፈት ሊመጣ ነው። እንደተነሱ ደግሞ ወዲያው ይከፈታል፤ የውሃ ፓምፑ ጎማ ያለ ውሃ በደቂቃ ውስጥ ሊላጥ ይችላል። ከጎማው ምላሶች ተቆርጦ የጎደለ ካለ ቁራጩ እስኪገኝ ይፈለጋል፣ አለበለዚያ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሄዶ ይቀረቀራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከሦስቱ አንዱ የሚለግም ከሆነ ስም ዝርዝር እንጠራለን። እየሠሩ ሳለ የየኖዝሉን ዳዶ በየተራ ፈታ፣ መልሶ ጠበቅ። ድምፅዎ ሲወርድ ያ ሲሊንደር ሠራተኛ ነው። ምንም ካልተለወጠ ደሞዝተኛውን አገኘነው። (ይህ የሚሞከረው በድሮው ሜካኒካል ፓምፕ ላይ ብቻ ነው፣ በኮምፒውተር በሚታዘዘው ኮመን ሬይል አይነካም። ዳዶው በጨርቅ ይሸፈናል፣ ዓይን ይጠበቃል፣ እጅም ይርቃል፤ የዚያ ናፍጣ ግፊት ቆዳ ይበሳል።) ከዚያ ኖዝሉን ከጎረቤቱ ጋር እናቀያይራለን። ልግመቱ ተከትሎት ከሄደ ኖዝል ይገዛል። እዚያው ከቀረ የቫልቭ ክፍተት ይለካል፣ ከዚያም ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የአየር እመቃ)።

ስለ ጭስዎ ባጭሩ፦ ነጭ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ ነው፤ ሰማያዊ ዘይት ነው፤ ጥቁር አየር አንሶዎታል። በጥቁሩ ላይ እናዝንልዎታለን። ጎንዎ ላይ 10 ኪሎዋት የተጻፈልዎ ለባሕር ጠለል ነው፤ እዚህ ግን ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ 8 ከሰጡን አመስጋኝ ነን። በተቃራኒው ቀኑን ሙሉ በሁለት አምፖል ብቻ ማሠራትም በደል መሆኑን አምነናል፤ ሳይሞቁ ሲሠሩ ኖዝልዎ ጥቀርሻ ያበቅላል። ቢያንስ የአቅምዎ ሲሶ ይጫንብዎታል።

ድምፅዎ እኩል ሆኖ ወለሉ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ የተቀመጡበት የሱፖርት ጎማ በዘይት በስብሶ ሊሆን ይችላልና የጻፍነውን ሁሉ ወደ ጎን ይተዉልን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፍሪጁ፣ ኸርዙ እስኪረጋ ከሶኬት ተነቅሎ እንዲጠብቅ
ለአሞራ ገደል አባ ኮዳዎች፣ እንዲያውቁት ብቻ
ለባለ ካቻቢቴው፣ የገቨርነሩ ብሎን ላይ ቀይ ቀለም ስለተቀባ ቢነካ እንደሚታወቅበት