ሃዎርቲያን በቅጠሏ መመደብ ይብቃ

በ2013 እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጎርደን ሮውሊ፣ ሃዎርቲያ የሚባለውን የትናንሽ ውሃ ቋጣሪ ተክሎች ወገን፣ ማለትም ብዙ ዝርያ የሚይዝ ምድብ፣ ከፋፈሉት። በ2014 ደግሞ ጆን ማኒንግና ባልደረቦቻቸው በዘረመል ጥናት ተደግፈው ድንበሩን አስተካከሉ። ለስላሳ ቅጠል ያላቸው ሃዎርቲያ የሚለውን ስም ይዘው ቀሩ። ቅጠላቸው ጠንካራ የሆነው፣ ብዙዎቹም በነጭ ጉብታ የተዥጎረጎሩት፣ ሃዎርቲዮፕሲስ ተባሉ። ፑሚላ፣ ማርጊናታ፣ ሚኖርና ኪንጂያና የሚባሉት አራቱ ዝርያዎች ቱሊስታ በሚል ስም ለብቻቸው ቆሙ። ብዙ አብቃዮች ግን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም፤ ስሙ በየጊዜው ስለሚቀያየር የለመድነውን ይዘን እንቀጥላለን ይላሉ። መሰልቸታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ተሳስተዋል። ወገኑ መከፈሉ ትክክል ነው። መቆም ያለበት በቅጠል መልክ ብቻ አዲስ ዝርያ መሰየም ነው።

ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 እነዚህን ተክሎች ያስቀመጣቸው ከእሬት ጋር፣ አሎ በሚለው ወገን ውስጥ ነበር። ፈረንሳዊው ዱቫል በ1809 ለይቶ ሲያወጣቸው በእንግሊዛዊው ተመራማሪ አድሪያን ሃርዲ ሃዎርዝ ስም ጠራቸው። አንድ ላይ ያቆያቸው የአበባቸው መመሳሰል ነው፦ ትንሽ፣ ነጣ ያለች፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ መስመር ያለባት፣ እንደ ከንፈር ላይና ታች የተከፈለች አበባ። ሁሉም ስለሚመሳሰሉ ቀርቦ ያያቸው ሰው ጥቂት ነበር። ሆላንዳዊው ዩትቫል በ1947 ቀርቦ አየና አበባዎቹ ሦስት ዓይነት መሆናቸውን ጻፈ። ስለዚህ ክፍፍሉ የቤተ ሙከራ ፈጠራ አይደለም፤ ዘረመል ያረጋገጠው አበባው ቀድሞ የተናገረውን ነው።

ይህን ማንም አብቃይ በአጉሊ መነጽርና በምላጭ ማየት ይችላል። ከአበባው ዘንግ ላይ በዚያው ቀን የተከፈተች አበባ ከነእግሯ ቁረጡ። ከሥሯ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ በስለታም ምላጭ አግድም ቁረጡና 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ተመልከቱ። የቱቦው ግርጌ ሦስት ማዕዘን ወይም የተድበለበለ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ሃዎርቲያ ናት። ስድስት ማዕዘን ሆኖ ወደ እግሩ ቀስ በቀስ እየጠበበ ከሄደ ሃዎርቲዮፕሲስ ናት። ስድስት ማዕዘን ሆኖ ከእግሩ ጋር በድንገት ከተገናኘ፣ ዘንጉም ወፍራም ከሆነ፣ ቱሊስታ ናት። ቀጥሎ ሌላ አበባ ወስዳችሁ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁ። ከእንቁላል እጢው የሚወጣው ቀጭን ዘንግ በሃዎርቲያ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ በሌሎቹ ሁለቱ ቀጥ ያለ ነው።

ስህተት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአበባዋ ዕድሜ ነው። የጠወለገች አበባ ስትሸበሸብ የሌላትን ማዕዘን ታሳያለች፤ ያልተከፈተች እምቡጥ ደግሞ ቅርጿን ገና አልያዘችም። ደነዝ ምላጭም ቱቦውን ጨፍልቆ ድብልብሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ስለዚህ በአንዲት አበባ አትፍረዱ፤ ቢያንስ ሦስት ቁረጡ።

ሦስቱን እንደ ቀድሞው በአንድ ስም ማኖር ለምን አይቻልም? አንድ ወገን ከአንድ ቅድመ አያት የወረዱትን ሁሉ መያዝ አለበት፤ ግማሹን ይዞ ግማሹን መተው አይቻልም። ዘረመሉ ሲነበብ ሃዎርቲዮፕሲስ ከሃዎርቲያ ይልቅ ጋስቴሪያ ለሚባል ሌላ ወገን፣ ቱሊስታ ደግሞ አስትሮሎባ ለሚባል ወገን ይቀርባሉ። የድሮውን ሃዎርቲያ ለማቆየት ጋስቴሪያንና አስትሮሎባን መጨመር፣ ከዚያም አልፎ ከ500 በላይ ዝርያ ወዳለው ወደ እሬት ወገን መቅረብ ይመጣል። አማራጩ ሁለት ነው፦ ወይ አንድ ግዙፍ ወገን፣ ወይ ብዙ ትናንሽ ወገኖች። ትናንሾቹ ይሻላሉ፤ ምክንያቱም ስማቸው ስለ ተክሉ አንድ ነገር ይነግረናል። ሃዎርቲያ የሚለው ስም ለስላሳ ቅጠል ካላቸው ጋር የቀረውም በዘፈቀደ አይደለም፤ የወገኑ ስም የሚከተላት መለኪያ ዝርያ አራክኖይዲያ ከእነሱ ስለሆነች ነው።

የዝርያ ነገር ግን ሌላ ነው። ለስላሳዎቹ ሃዎርቲያዎች በደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር ከኮረብታ ኮረብታ መልካቸውን ይለውጣሉ። ቅጠላቸው ጫፉ ላይ እንደ መስኮት የሚያስተላልፍ ነው፤ ብርሃን በዚያ በኩል ገብቶ ከአፈር በታች ለተቀበረው አረንጓዴ ክፍል ይደርሳል። በበጋ ሥራቸው እየተኮማተረ ተክሉን ወደ መሬት ይስበዋል፤ በላይ የሚታየው የመስኮቶቹ ጫፍ ብቻ ይሆናል። ከእነሱ አንዷን፣ ትሩንካታን፣ ያየ ሰው ቅጠሉ በቢላ የተቆረጠ ይመስለዋል። የመስኮቱ ስፋት፣ የመስመሮቹ ብዛት፣ የጠርዙ ጥርስ በአንድ ቦታ በበቀሉ ተክሎች መካከል እንኳ ይለያያል። የሃዎርቲያ ተመራማሪው ብሩስ ቤየር ዕድሜያቸውን ሁሉ ያሳሰቡት ይህንኑ ነው፦ በማሰሮ ያለችን አንዲት ተክል ሳይሆን በመሬቱ ላይ የተዘረጋውን ሕዝብ ተመልከቱ። ያን ምክር ትተው እያንዳንዱን ቋጥኝ እንደ አዲስ ዝርያ የሚሰይሙ ሰዎች ለሳይንስ ምንም አይጨምሩም፤ ለሰብሳቢዎች ግን የሚታደን ነገር ይሰጧቸዋል።

ቅጠል ምን ያህል እንደሚያታልል በቀላል ሙከራ ይታያል። ኩፐራይ የምትባለውን ለስላሳ ሃዎርቲያ ከነቡቃያዎቿ ለሁለት ክፈሉ። አንዱን ከፀሐይ በተጋረደ ነገር ግን ብሩህ ቦታ፣ ሌላውን በጥላ ውስጥ፣ በተመሳሳይ አፈርና ውሃ አኑሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጀመሪያው አጭር፣ ጠበቅ ያለና ቀላ ያለ፣ ሁለተኛው ረዘም ያለ፣ ክፍትና አረንጓዴ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ተክል ናቸው።

ቅጠል ፈጽሞ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ወገኑ በአበባ ከታወቀ በኋላ ያግዛል። ለምሳሌ በገበያ ፋሲያታ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ አቴኑአታ የተባለው ሌላ ዝርያ ናቸው። ሁለቱም ሃዎርቲዮፕሲስ ናቸው። የቅጠሉን የውስጥ ገጽ በጣት ዳስሱ፦ ፋሲያታ በዚያ በኩል አይሻክርም፣ ነጭ ጉብታው በውጭ ብቻ ነው፤ አቴኑአታ በሁለቱም በኩል ይሻክራል። ካልተለየ አንድ የታችኛ ቅጠል ቅደዱ፤ ፋሲያታ ክር ያወጣል።

ከዘር የሚበቅል ሁሉ ደግሞ ይጠርጠር። አንድ ተክል በራሱ ብናኝ ብዙ ጊዜ ዘር አይዝም፤ ንብ ከጎረቤቱ ታመጣለታለች፤ ዲቃላውም በቀላሉ ይበቅላል። ንጹሕ ዘር የፈለገ ከአንድ ቦታ የመጡ ሁለት የተለያዩ ተክሎችን መርጦ፣ ንብ እንዳትደርስ ሸፍኖ፣ ብናኙን በቀጭን ብሩሽ ወይም በጸጉር ማሸጋገር አለበት።

መለያው ላይ ደግሞ አዲሱን ስም ስትጽፉ አሮጌውን አትፋቁ፤ ከጎኑ ይቆይ፤ ከየት ቦታ እንደተሰበሰበ የሚያሳይ ቁጥር ካለ ከስሙ በፊት እሱን ጻፉ። ስም ነገ ሊቀየር ይችላል፤ ተክሉ የመጣበት ኮረብታ አይቀየርም። ቦታው ካልታወቀና ዘሩ በክፍት ከተዳቀለ ግን በዝርያ ስም ፋንታ «ሃዎርቲያ፣ ምናልባት ዲቃላ» ብላችሁ ተዉት።