ቆራሌው የማይወስደውን ማን ይውሰደው?

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምናገረው። ታገሡኝ።

የሚሸጥ ዕቃ ላይ ጎበዞች ነን። ቆርቆሮው፣ ሃይላንዱ፣ የተሰነጠቀው ባልዲ ሳይቀር ይጠራቀምና ቆራሌው ሲጣራ ይወጣል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የሚያኮራ ልማድ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ቆራሌው አይቶ የሚተወው ነው፦ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ የተቃጠለ ቆጣቢ አምፖል፣ ያበጠ የሞባይል ባትሪ። ሳንቲም ስለማያወጣልን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ እንከተዋለን።

ያንን ማዳበሪያ የምታነሳው ማን ናት? ቤት ለቤት የምትሰበስበው የጽዳት ማኅበሩ ሴት ናት። ብዙ ጊዜ ደህና ጓንት እንኳ የላትም። አምፖሉ ማዳበሪያው ውስጥ ተሰብሮ እጇን ሲቆርጣት እኛ በራችንን ዘግተን ገብተናል። ቆጣቢ አምፖልና ፍሎረሰንት ሜርኩሪ አላቸው። ሲሰበሩ ይተናል፤ የምትተነፍሰው እሷ ናት። «ድሮ ባትሪ ድንጋይ ተፈጭቶ ጥቁር ሰሌዳ ይቀባ አልነበር?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይቀባ ነበር። ያኔ አናውቅም ነበር፤ ዛሬ እናውቃለን።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ሁላችንም አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ አጣጣላችን ላይ ምን ለወጥን? እስቲ እያንዳንዳችሁ ቤታችሁን አይታችሁ መልሱልኝ።

ሕግ የለም አትበሉኝ። ገና በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ ወደተመደበለት መሰብሰቢያ የማድረስን ግዴታ በቤቱ ኃላፊ ላይ ጥሎ ነበር። «መሰብሰቢያው የታለ?» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ በየሰፈሩ የለም። መንግሥት ሊያዘጋጀው ይገባል፣ እኛም መጠየቅ አለብን። ግን እኮ ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት የዕድር ዕቃ ቤት አለን። ኮንዶሚኒየም የምንኖር ኮሙናል አለን። ቆራሌው ለሚተወው ዕቃ አንድ ክዳን ያለው በርሜል እዚያ ማስቀመጥ ምኑ ይከብዳል? አቃቂ ላይ ያረጀ ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ የሚፈታበት ማዕከል ከተቋቋመ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቻርጀር ይዞ እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው የለም። የመቶ አባወራ ሲጠራቀም ግን ደውሎ መነጋገር፣ መኪና ማፈላለግ ይቻላል።

አሁን ደግሞ ዋናው ተግሳጼ። እንዲህ ያለውን በርሜል የሚያበላሸው የዚያው ሰፈር ሰው ነው። ማታ ሰው ሳያይ ዳይፐር የምትጥሉ፣ የተረፈ ወጥ የምትደፉ፣ እባካችሁ ተዉ! አንድ ፌስታል ወጥ የሌላውን ሁሉ ድካም ገደል ይከተዋል። በሳምንቱ ይሸታል፣ ዘበኛው ይቆልፈዋል፣ «ድሮም እዚህ አገር አይሆንም» ይባላል። የማይሆነው እናንተ ስላበላሻችሁት ነው።

ስታመጡ ደግሞ በወጉ አምጡ። አምፖሉን በካርቶኑ ወይም በጋዜጣ ጠቅልሉ። የሞባይልና የሰዓት ባትሪ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑ፤ እርስ በርስ ከተነካካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ያበጠ ባትሪ አትውጉ፣ ለብቻው ይቀመጥ። ትንሿን ክብ ባትሪ ከሕፃናት አርቁ። ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ስለምትችል ሐኪም ቤት ለመሮጥ አትዘግዩ። የኤሌክትሪክ ገመድ ለመዳቡ ብላችሁ ግቢ ውስጥ አታቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እዚህ በርሜል አይገባም፣ ፋርማሲ ጠይቁ።

የዚህ ወር የዕድር ስብሰባ ላይ አጀንዳ አስይዙ። በርሜሉን ማን ይገዛል፣ ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል፣ ሲሞላ ወረዳው የጽዳት ጽሕፈት ቤት ማን ይሄዳል? ስም ጠርታችሁ ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩ።